የታጠነው ሥራ አስኪያጅ

ለተከበራችሁ የፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በባሕረ ሰላም ሆቴል እንግዳ መቀበያ የሚኖሩ ዓሦችና ኮራሎች ከአሮጌው የመስታወት ገንዳ ወደ አዲሱ ገንዳ በሰላማዊና በዴሞክራሲያዊ አግባብ የተዛወሩ መሆናቸውን የዝውውር ኮሚቴው በታላቅ ደስታ ይገልጻል።

ይህ ማስታወቂያ ማኅተም አርፎበት በሆቴሉ በር ሲለጠፍ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢና የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ዳኘው ክፍሉ ውስጥ ጋቢ እንደተከናነበ፣ መታጠኛ ድስት ላይ ተደፍቶ ሞቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ምሕረት በማግስቱ ከቡሬ ተጠርታ ስትደርስ መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነው። አሮጌው ገንዳ ገና አልተደፋም። ቡናማ ልጋግ አረፋ ቋጥሮ፣ እንደ ጉንፋናም ሕፃን ንፍጥ ከመስታወቱ ይንጠለጠላል። አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና አለፈች። የመታጠኛውን ቅጠል የቀቀለችው ወጥ ቤቷ ወለተ ኢየሱስ «መርዝ ቅጠል ቀላቅላለች» ተብላ ታስራለች፤ እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ክሱ በእሷ ላይ ሊጻፍ ነው።

የሟቹ ክፍል በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር የተገኘው በሩ ተሰብሮ ነው። ጠባቡ መስኮት የብረት ፍርግርግ አለው፤ መዝጊያው ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምሕረት ድስቱን በእንጨት አማሰለችው። ከባሕር ዛፉና ከዳማከሴው ሥር፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ እባጮች የወረሩት፣ ልጋግ የለበሰ ድንጋይ ወጣ። የድስቱ ከንፈር ላይ ነጭ ጨው ደርቋል።

የኮሚቴው አማካሪ የሥነ ሕይወት መምህሩ ተስፋው ነው።

«ይህ ልጋግ ምንድን ነው?»

«ዳይኖፍላጀሌት ይባላል። አንድ በአንድ በዓይን አይታይም፤ ሲበዛ ነው እንዲህ የሚዝረከረከው። ገንዳውን ቢወርረው ጊዜ ነው ዓሦቹን እናዛውር ያልነው።»

ድንጋዩን አሳየችው። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ኮራል ነው፤ ሕይወት አለው። ይህኛውን በፈላ ውሃ እንዳታጥቡት፣ እንፋሎቱ ሰው ይገድላል ብዬ ነበር።»

«ለማን?»

«ለኮሚቴው ነዋ። ለዳኘውና ለሆቴሉ ባለቤት ለአቶ ክንዱ።»

«ወጥ ቤቷስ?»

«እሷማ በገንዳው አጠገብ ስታልፍ እንኳ ታማትባለች።»

«ከዝውውሩ በኋላ የት ነበራችሁ?»

«ዳኘው ምች መታኝ ብሎ ሊታጠን ገባ። እኔና አቶ ክንዱ ወጥ ቤት እጃችንን ታጠብን። ድስቱ እሳት ላይ ነበር፤ ወለተ ኢየሱስ ጋቢ ልታመጣ ወጥታ ነበር። እኔ ቀድሜ ወጣሁ።»

«ሟቹ የነገረህ ነገር አለ?»

«ነገ ግምገማ ላይ የጉላሹን ነገር አወጣዋለሁ ብሏል፣ በኮሚቴው ፊት።»

«የምን ጉላሽ?»

«አልጠየቅሁም። በግምገማ ዋዜማ ሰው አይጠይቅም።»

ወለተ ኢየሱስ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ፣ ከአጃቢዋ ጎን ተቀምጣ ነበር።

«ሆቴሉ ውስጥ ሥልጠና ላይ የሰነበቱት ሠልጣኞች የበሉት የዓሣ ጉላሽ ከየት መጣ እናቴ?»

«ጌታው አቶ ክንዱ ናቸው ያመጡልኝ፣ የጣና ነው ብለው። ቢጫና ሰማያዊ ነው ልጄ። የጣና ዓሣ እንዲህ ያጌጣል ወይ ብላቸው፣ ባሕር ዳር ተለውጣለች አሉኝ።»

ሠልጣኞቹ ሥልጠናውን በመጸዳጃ ቤት እንደጨረሱት ከተማው ሁሉ ያወራል።

«የዳኘውን መስኮት እርስዎ ነዎት የከፈቱት?»

«በሚታጠን ሰው ላይ? ምነው፣ እናት አላሳደገሽም?»

አቶ ክንዱ በሞዴል ባለሀብትነት የተሸለሙትን ዋንጫ ጠረጴዛቸው ላይ ገትረው ጠበቋት። ቢሯቸው ከገንዳው ጎን ነው። ምሕረት ሽታው ቢብስባት መስኮቱን ከፈተች።

«ይዝጉልኝ እባክዎ፤ ብርዱ ወገቤን ይይዘኛል።»

ዘጋችው፤ በአፏ መተንፈስ ጀመረች።

«ዳኘውን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ቢዘገይብኝ በጓሮ ዞሬ መስኮቱን ከፍቼ አየሁት። አልቦት እንቅልፍ የጣለው መሰለኝና ተመልሼ ሄድሁ።»

«መስኮቱን መልሰው ዘጉት?»

«ምኑን አስታውሰዋለሁ።»

ግምገማው አልተሰረዘም፤ ግምገማ በሞት አይሰረዝም። ሠራተኛው፣ ሠልጣኙና መምህሩ አዳራሹን ሞሉት፤ ወለተ ኢየሱስም በአጃቢ መጣች። መድረኩን የሚመራው የሠራተኞች ተወካዩ ልዑልሰገድ ለምሕረት ቃል ሰጣት።

«ዳኘውን የገደለው ቅጠል አይደለም» አለች። «በመታጠኛ ውሃ ጨው የሚጨምር የለም፤ ድስቱ ግን ጨው አውጥቷል። ገንዳው የጨው ውሃ ነውና፣ ጨዉ ከገንዳው ድንጋይ ጋር የገባ ነው። ድንጋዩ ሲፈላ እንደሚገድል የሰሙት ኮሚቴዎቹ ብቻ ናቸው። ከእነሱም አንዱ ሞቷል።»

ተስፋው ተነሣ። «እኔን ነው?»

«ተቀመጥ መምህር። ሁለታችሁም ድስቱ ዘንድ ነበራችሁ፤ የለያችሁ መስኮቱ ነው። በዚህ አገር በሚታጠን ሰው ላይ መስኮት የሚከፍት አለ?»

«ነፋስ ይገድለዋላ» አሉ ከኋላ ያሉ ሴቶች።

«አቶ ክንዱ ዛሬ በዚያ ግማት ውስጥ መስኮት ያስዘጉኝ ሰው ናቸው። አልቦት ተኝቷል ባሉት ሰው ላይ ግን መዝጊያውን በርግደው ሄዱ። ነፋሱን ያልፈሩለት መሞቱን ስላወቁ ነው። የፈሩት እንፋሎቱን ነው፤ በር ሰብሮ የገባው ሰው አብሮ ቢወድቅ ቅጠል ነው ብሎ የሚያምን አይኖርም። በሩ ተቀርቅሯል፣ መስኮቱ ብረት አለው። ድንጋዩን ማውጣት ቢያቅታቸው እንፋሎቱን አስወጡ።»

«ለምን ብለው ነው?» አለ ልዑልሰገድ።

«ገንዳው ውስጥ የሞቱትን ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች የጣና ናቸው ብለው ጉላሽ አሠርተው ለሠልጣኞች አብልተዋል። ዳኘው ዛሬ እዚህ ቆሞ ሊናገር ነበር።»

ከሠልጣኞቹ አንዱ አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። ሌሎቹ ተከተሉት። አጃቢው ሳይታዘዝ ከወለተ ኢየሱስ አጠገብ ተነሥቶ አቶ ክንዱ ጎን ቆመ። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ላይ ጫነች፤ ያን ዓሣ በእጇ እንደከተፈችው ነው የምታስበው።

ልዑልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። በየወሩ በዚሁ መድረክ ሠራተኛውን ለግለ ሂስ እያስነሡ ያስለቀሱት አቶ ክንዱ ነበሩና፣ ልማድ ሆኖበት፣

«እንግዲህ አቶ ክንዱ፣ በአሠራሩ መሠረት ግለ ሂስ ያድርጉ» አለ።

«አላደርግም።»

«ምክንያቱን ቢያስረዱን? መድረኩ ይጠብቃል።»

አቶ ክንዱ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ይጠብቅ። አላስረዳም።»