ደብዳቤውን በጥርሱ የነከሰው ሰው

ይርገዱ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። አጎንብሳ ወረቀት ስትሰፋ፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለውን ጭቃ ጠራርጎ የመጣ የሚመስል ጥቁር ጫማ ደጃፉ ላይ ቆመ። የአንደኛው እግር ማሰሪያ ሲባጎ ነበር።

«መሪጌታ ሣህለ ማርያም መጽሐፍ የሚደጉሱት እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው። አባባ ቅዳሴ ሄደዋል። ይግቡ።»

ጊዜው 1964 ዓ.ም. ነው። በቢቸና ዙሪያ መጽሐፉ የተበጣጠሰበት ካህን ሁሉ መሪጌታ ዘንድ ይመጣል። እሳቸው ቅጠሉን በጅማት ሰፍተው፣ እንጨት አልብሰው፣ በቀይ ቆዳ ይደጉሱለታል። ይህንን ቢቸና ያውቃል። ቢቸና የማያውቀው፣ የመሪጌታ ዓይን ከደከመ ሁለት ዓመት እንዳለፈውና ወስፌውን የምትይዘው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችው ልጃቸው መሆኗን ነው።

መሪጌታም የማያውቁት ነገር አለ። ልጃቸው ከድጉሱ በተራረፈ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ትጽፋለች! በጎንደር ነገሥታት ዘመን ኖሮ ስለማያውቅ አንድ ጸሐፊ። «ያልሆነ ታሪክ መጻፍ በቀለም መዋሸት ነው» የሚሉ አባት ይህን ቢሰሙ የቀለም ቀንዱን ከእጇ እንደሚነጥቁ ታውቃለች። ቀንዱ ከሄደ ደግሞ የፈጠረችው ጸሐፊም ሄደ ማለት ነው።

እንግዳው ጥቅሉን ፈታ። በስቴንስል የተባዛ፣ እጅ የሚያጠቁር ወረቀት።

«ይርሳው እባላለሁ። ሞጣ አስተምራለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኬ ነው። እነዚህ ስለ ሶሻሊዝም የተጻፉ መጣጥፎች ናቸው። ስምንት መምህራን ስንቀባበላቸው አለቁ። በቆዳ ቢደጎሱ ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሩቅ ለሚያየው ዳዊት ይመስላሉ።»

ሳቋ አመለጣት። ሳቋ ደፋር አደረጋትና፣

«መምህር፣ ልብ ወለድስ ያነባሉ? የታሪክ ልብ ወለድ?» አለች።

«የነገሥታት ፍቅር? እሱ የሥራ ፈት እንቅልፍ ማምጫ ነው፣ እህቴ። ለሕዝቡ የሚያስፈልገው ትንተና ነው!» «ሕዝቡ» ሲል እጁን ወደ ገበያው ዘረጋ። ሕዝቡ አንድ የገረጀፈ በሬ ከቦ ሲከራከር ነበርና ዞር ብሎም አላየው።

ይርገዱ ነደዳት። ከሄደ በኋላም እንደነደዳት ነበር። የራሷን ጽሑፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ «ሥራ ፈት!» እያለች ስታጉረመርም የአባቷ ከዘራ ደጅ ተሰማ። ደንግጣ ወረቀቷን በመጣጥፎቹ መሐል ሸሸገችው። ማታውን እንደተናደደች፣ የሸሸገችውን ሳታወጣ ጥቅሉን ሰፋችው። ንዴትና ወስፌ ደግሞ አብረው አይሄዱም።

በዚያ ቤት የተሰፋ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይወጣም ነበር። ቅጠል ተዛውሮ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። መሪጌታ ግን ይሄኛውን ዳብሰው፣ «የዘመን ወረቀት ነው፤ ምኑ ይነበባል!» ብለው አሳለፉት።

ይርሳው ድጉሱን ይዞ በጭነት መኪና ወደ ሞጣ በሄደ ማግስት፣ ይርገዱ ጽሑፏን ፈልጋ አጣችው። ክው አለች። ሌላ ግልባጭ የላትም።

በሦስተኛው ሳምንት ጫማው ተመለሰ። አባቷ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ ይርሳው፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ምኑን?»

መጽሐፉን ገለጠው። የእሷ የእጅ ጽሑፍ! በኅዳጉ ላይ ደግሞ እርሳስ። *በንጉሡ ግብር ላይ አምስት መቶ ሰው ጠጣ። ጠጁን ማን ጣለው?*

«በሰው ጽሑፍ ላይ ይጻፋል?» ብላ ጮኸች።

«መጽሐፉ የኔ ነው።»

«ታሪኩ ግን ያንተ አይደለም!» አንቱታው ጠፍቷት ነበር።

«ታዲያ የማን ነው?»

«የ... የአንድ መነኩሴ። የደብረ ወርቅ። ለድጉስ ሰጥተውን ነው የተቀላቀለው።»

«መጽሐፉን ያዢልኝ!» አለና ወጣ። ደብረ ወርቅ ድረስ በእግሩ!

ይርገዱ ቢላዋ አነሳች። ጅማቱን በጥሳ ጽሑፏን ማውጣት ነው፤ ነገሩ ያልቃል። የመጨረሻውን ገጽ ስትገልጥ ግን፣ የልብ ወለዷ ጸሐፊ በሞላ ዓባይ ዳር የያዘውን ደብዳቤ በጥርሱ ነክሶ ውሃው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ሥር፣ በእርሳስ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል።

*ከዚያስ?*

በሕይወቷ «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ቢላዋውን አስቀመጠች። እየተቆጣችም ቢሆን መጣጥፎቹን ማንበብ ጀመረች። መሬት ለማን እንደሚገባ፣ ገበሬ ለምን እንደሚራብ... እውነት ነበር፤ ደግሞም ድርቅ ያለ። እርሳስ አነሳች። *ዐርባ ገጽ አነበብኩ። ስም ያለው አንድ ሰው አላገኘሁም።*

ይርሳው በማግስቱ ማታ መጣ። አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። መሪጌታ ቤት ነበሩ።

«መሪጌታ፣ በመጽሐፌ ውስጥ የእኔ ያልሆነ ታሪክ ተሰፍቷል። ባለቤቱ የደብረ ወርቅ መነኩሴ ናቸው ተብዬ ሄጄ ነበር። መነኮሳቱ ጠላ ሰጥተው ሳቁብኝ።»

ይርገዱ ጥጓ ላይ ተኮማተረች።

«ሳይነበብ ማሳለፌ የኔ ጥፋት ነው» አሉ መሪጌታ። «ተቀመጥና አንብብ፣ ልጄ። እጄ የት እንደሳተ ልስማው።»

መጣጥፉን ጀመረ። መሪጌታ በሁለተኛው ገጽ አንገታቸው ዘመም አለ፤ በአራተኛው አንኮራፉ። ታሪኩ ሲመጣ ግን ነቁ። ጸሐፊው ከግብሩ ሲሾልክ ወደፊት አዘነበሉ። ዓባይ ሲሞላ ከዘራቸውን ጨበጡ።

«...ደብዳቤውን በጥርሱ ነክሶ ወደ ውሃው ገባ።» ይርሳው ቀና አለ። «ያለቀው እዚህ ላይ ነው።»

«እንዴት ያልቃል? ሰውዬው ውሃ ውስጥ?» መሪጌታ ተቆጡ። «ደግሞስ የጻፈው ሰው ቀለም አያውቅም! የእኛ ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ማዶ ሲደርስ ባዶ ወረቀት ነው የሚይዘው። የማይሆን ነገር!»

«በሰም ነው የጠቀለለው!» አለች ይርገዱ።

መሪጌታ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«አንቺ የት አነበብሽው?»

«አላነበብኩትም፣ አባባ...» ከጥጓ ወጣች። «ጻፍኩት።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። «ቀንዱን አምጪ።»

አመጣች። አባቷ ቀንዱን ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት።

«ባዶ። ሁለት ዓመት ሙሉ አይጥ የሚጠጣው መስሎኝ ስራገም!» ቀንዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ሰውዬው በእውነት አልነበረም?»

«አልነበረም፣ አባባ።»

«ዓባይስ?»

«ዓባይማ አለ።»

«ሰሙስ?»

«ጠዋት ጅማቱን የምንቀባበት ሰም ነው።»

መሪጌታ ቀንዱን መለሱላት።

«ሰውን ውሃ ውስጥ ጥሎ መነሳት ኃጢአት ነው። ቀለም በጥብጪና አሻግሪው!»

ይርገዱ ልትሸኘው ደጅ ስትወጣ ይርሳው መጽሐፉን ገልጦ ቆሞ ነበር። ማስታወሻዋን አግኝቶታል።

«ስም ያለው አንድ ሰው...» አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «እውነትሽን ነው። ግን ይርገዱ፣ ደብረ ወርቅ ድረስ አስኬደሽኝ!»

«ለሥራ ፈት ታሪክ ያን ያህል ይኬዳል?»

«ከዚያ በላይም ይኬዳል።» መጽሐፉን ዘጋው። «የጻፈው መነኩሴ አለመሆኑን ሳውቅ... ምን ያህል ደስ እንዳለኝ!»

ይርገዱ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች እንጂ ወደ ቤት አልገባችም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ መጣ። መሪጌታ ጥሎሽ አላነሱም። «የልጄ መጽሐፍ ሲያልቅ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ ሌላ አልፈልግም» አሉ። ይርሳው አገልግሎቱ አልቆም፣ ይርገዱን አግብቶ ሞጣ ቀረ።

የመጀመሪያው አዲስ መጣጥፉ «በሞጣ ፈንታነሽ የምትባል ውሃ ቀጂ አለች» ብሎ ይጀምራል። በይርገዱ ልብ ወለድ ደግሞ ጸሐፊው ዓባይን ሲሻገር ማዶ ቆማ የጠበቀችው ልዕልት አይደለችም። ወለተ ገብርኤል ናት፤ ጠጅ ጣይዋ።

ያንን ምዕራፍ የጨረሰች ዕለት ይርሳው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ አነበበው። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አለች ይርገዱ፣ «ጫማህን አውልቅና ግባ። ጭቃውን ይዘኸው መጣህ።»