ግራሩ ላይ የተሰቀለው ማርሚታ

አንዲት ሽቦ በጥቁር ፕላስተር ከሞተር ሳይክሉ አካል ጋር ተጠፍራ ታስራለች። ብሌን ይህን ያየችው ዘግይታ ነው፤ ወንድሟ ኤፍሬም ለሙከራ ሲሪንቃ ደርሶ ከተመለሰ፣ ከአምስቱ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ቤንዚን ሁለቱ ባዶ ከሆኑ በኋላ። ከሽቦዋ ጫፍ አውራ ጣት የምታክል ብረት ተንጠልጥላለች። ቦታዋ እዚያ እንዳልሆነ ብሌን ታውቃለች። ሥዕሏን ዓመቱን ሙሉ ስታየው ነው የከረመችው።

«ሁለት ሊትር?» አለች። «ከመርሳ ሲሪንቃ ደርሶ መልስ ሁለት ሊትር?»

«አዲስ ቅንብር ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይጠጣል» አለ ኤፍሬም።

«ትንሽ? ግመልም እንዲህ አይጠጣም!»

ጌትነት ሳቀ። የኤፍሬም ጓደኛ ነው፤ ሞተረኛው ሁሉ በቀልድ «ዶክተር» ሲለው ቀልዱን አምኖ የተቀበለ፣ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ሰክቶ የሚዞር መካኒክ። «ይህቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነችው? ሂጂ ሽንኩርት ክተፊ።»

ከወር በፊት ሁለቱ ወልድያ ሄደው፣ የሚያብረቀርቅ የጭስ ማውጫ ማርሚታና ክፍት የአየር ማጣሪያ ገጥመው መጡ። ሞተሩ ኢንጀክሽን ነው፤ ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ጌትነት ግን ዕድሜውን ሙሉ የነካካው በብሎን የሚስተካከለውን የድሮውን ካርቡራተር ነው። የሚያዞረው ብሎን ፈልጎ ሲያጣ፣ ያገኘውን ሁሉ ጎርጉሮ «ኮምፒውተሩን ከፍቼልሃለሁ» አለ። ኤፍሬምም አመነ። ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ በሚሰማበት በዚህ ነሐሴ፣ የሰፈሩ ሕፃናት አልጋ ሥር እስኪገቡ ድረስ እያስጓራ መሄድ ለእሱ ጉብዝና ነበር።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ብሌን ንቃ ታልፈው ነበር። አሁን ግን እናታቸው ሸዋዬ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የቀራት ኢንሱሊን የሁለት ቀን ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥም አልቋል። ሚኒባሶቹ ተፈናቃይ ጭነው ወደ ደሴ እንደሄዱ ቀርተዋል። ኤፍሬም ነገ ሲነጋ ደሴ ሄዶ መድኃኒቱን ማምጣት አለበት። እዚያ ከደረሰ ለመመለሻ ቤንዚን አይጠፋም፤ ጣጣው መድረሱ ነው። ብሌን በልቧ አሰላች። በዚህ አጠጣጡ ሦስት ሊትር ውጫሌን አያሻግረውም።

ወደ ውስጥ ገብታ የፊዚክስ ደብተሯን አመጣች። ኤፍሬም የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ «ይሄ ለፈረንጅ ነው» ብሎ ሲወረውረው፣ ገጾቹን ለደብተር መለበጃ አድርጋቸው ነበር።

«ይኸውላችሁ» አለች ሽፋኑን እያሳየች። «ይህች ብረት የምትገባው ማርሚታው ቧንቧ ውስጥ ነው። ጭሱን እያሸተተች ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። እናንተ ግን ውጭ አንጠልጥላችኋታል። የምታሸተው ንጹሕ አየር ነው። ‹ቤንዚን አነሰ› እያለች ታሳብቃለች፤ እሱም ይጨምራል።»

«አዲሱ ማርሚታ የእሷ ቀዳዳ የለውም» አለ ጌትነት። «ጌጥ ናት። ብትኖርም ባትኖርም ያው ነው።»

«እስቲ ካንዴላውን ፍቱት።»

ጌትነት አልተንቀሳቀሰም። ኤፍሬም ራሱ ፈታው። ካንዴላው በተረፈው ቤንዚን ጥላሸት እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ወጣ።

«ጌቾ?» አለ ኤፍሬም።

«ቤንዚኑ ነዋ! የሃይላንድ ቤንዚን ምን ይታመናል?»

ብሌን ትክ ብላ አየችው። ይህን ሰው ወንዝ ቢወስደው እንኳ ጥፋቱን የሚሰጠው ለዝናቡ ነው።

«አሮጌው ማርሚታ ይመለስ» አለች። «ሂድና አምጣው፣ ኤፍሬም።»

ኤፍሬም አንገቱን ደፋ። አሮጌው ማርሚታ ከመንገዱ ማዶ ግራሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰፈሩን የሚጠብቁት ወጣቶች አደጋ ሲመጣ በብረት የሚቀጠቅጡት ደወላቸው ነው። የሰጣቸው ራሱ ኤፍሬም ነው፤ «የእኔ ሞተር ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ቱቦ አይገጠምለትም» ብሎ፣ ሃያ ጎረምሳ ፊት።

«ይስቁብኛል» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እናታቸው ከውስጥ። «ተበላሸ አይደል? አውቄዋለሁ! እኔ መቼ ደግ ወሬ ሰምቼ አውቃለሁ!»

«ምንም አልሆነም፣ እማዬ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ጌትነት ይህን ጊዜ ተንሸራቶ ወጥቷል።

ኤፍሬም አዲሱን ማርሚታ ፈታው። ብሌን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ተሸከመችው። በመንገዱ ላይ የምትለውን አዘጋጀች፦ «ኤፍሬምና ዶክተሩ ሞተሩን ገደሉት፤ እናቴን ሊገድሉ ነው።» የጎረምሶቹ ሳቅ ገና ሳይስቁ ተሰማት። ጣፈጣት።

ግራሩ ሥር የጥበቃው አለቃ ጋሽ ጀብሪል ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ጎረምሶቹ ከበዋቸዋል።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሽ ጀብሪል?»

«አልሐምዱሊላህ። ምንድን ነው የተሸከምሽው፣ ልጄ?»

ብሌን አፏን ከፈተች። ወንድሟን ታውቀዋለች። ከሳቁበት ይገግማል፤ ነገም እያስጓራሁ ካልሄድኩ ይላል። ከዚያ ውጫሌ ላይ ይቆማል።

«ኤፍሬም ልኮኝ ነው» አለች። «ይሄኛው ለደወል ይሻላል ብሎ። አሮጌውን ይመልሱልኝ።»

ጋሽ ጀብሪል አዲሱን አሰቀሉና በብረት መቱት። ከማዶ ውሾች ጮኹ። «ማሻአላህ! ይሄ ነው ድምፅ! ወንድምሽ ለሰፈር የሚያስብ ልጅ ነው።»

«አዎ» አለች ብሌን። ቃሉ እንደ ኮሶ መረራት።

ሲመሽ አሮጌው ማርሚታ ቦታው ገባ። ያቺ አሽታች ብረት ቀዳዳዋ ውስጥ ገብታ ጠበቀች፤ አሮጌው የአየር ማጣሪያ ሳጥንም ተመለሰ። ኤፍሬም ካንዴላውን ወልውሎ ገጠመና ሞተሩን አስነሣ። ጥቁሩ ጭስ ጠፋ።

«የልብስ ስፌት መኪና መሰለ» አለ አፍሮ።

«የልብስ ስፌት መኪና ደሴ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው ምን ቸገረህ?»

ሞተሩን እየገፉ ሳሎን አስገቡት፤ ሦስቱን ሃይላንድም ከጎኑ ደረደሩ። ኤፍሬም ዱካ ላይ ተቀመጠ። «ቅድም ደጅ ስወጣ ጋሽ ጀብሪል መረቁኝ። ምን ብለሻቸው ነው?»

«አንተ እንደላክኸኝ።»

ሊመልስላት ሲል በሩ ተንኳኳ።

«ኤፊ! እኔ ነኝ!» የጌትነት ድምፅ ነበር። «ስታስነሣት ከቤት ሰማኋት። ሚኒሞዋ ወርዷል፤ ድምፅዋ ደክሟል። አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ፣ ላስተካክላት!»

ኤፍሬም ከዱካው ግማሽ ተነሣ። ብሌን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ኤፍሬም ካንዴላ ሲወለውልበት ያመሸውን፣ ጥላሸት የጠገበ ጨርቅ አየ። ከዚያም የእናቱን የመኝታ መጋረጃ።

ተመልሶ ተቀመጠ።

«ተኝቷል በይው።»

ብሌን ለጌትነት ያንንም ቃል አላወጣችለትም። መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች፤ ነቅላም ኪሷ ከተተችው።