የልክ ደብተር

«ስሟን ቆርጬዋለሁ እኮ! የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው» አለች ሚጢጢ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጉርዷን ወደ ወገቧ እየሳበች።

«በአራት ደቂቃ ውስጥ ማን እንደሆነች አወቁ» አለች ሜትር።

«ታዲያ እኔ ነገርኳቸው? ራሳቸው ናቸው የገመቱት።»

«‹ገምቱ› ብሎ የጻፈው ማን ሆነና!»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሁለቱም እኩል ዝም አሉ። ከመጋረጃው ወዲያ የሜትር አባት ክሩን በጥርሱ በጠስ ሲያደርግ፣ ጨርቁንም ሲያዞር ተሰማ። መኪናው ታ-ታ-ታ ማለት ሲጀምር ጠቡም ካቆመበት ቀጠለ።

«አታካብጂ አቦ! ቀልድ ነው።»

«በሷ ነው የቀለድሽው። በኔም ጭምር።»

የልብስ መለኪያዋ ጥግ አንድ ወንበርና ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት ብቻ ይዛ ጢም ብላለች። ሁለት ሰው ክርን ለክርን ሳይነካካ አይጣላባትም። ሚጢጢ መስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች ዞር፣ ዞር አለች። ክፍሉ ሁሉ በዚህ ስም የሚጠራት ቁመቷ አጭር፣ ሰውነቷም ቅጥነት ስላለው ነው፤ ምላሷን ያየ ግን ስሙን የሰጣት ሰው ተሳስቷል ይላል። ሜትር የተባለችው ደግሞ አምስተኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን ጠዋት የአባቷን የልብስ ሜትር አንገቷ ላይ እንዳደረገች ረስታው ትምህርት ቤት ስለሄደች ነው። ያን ቀን ሌሎቹ ሲስቁ ሜትሩን ከአንገቷ ወስዳ በራሷ አንገት ላይ ያደረገችው ሚጢጢ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

«የአባቴን ደብተር ፎቶ የላክሁልሽ ያንቺን ልክ እንድታዪ ነው» አለች ሜትር። «‹ወገቤ በትክክል ተጽፏል ወይ?› ብለሽ ስለጨቀጨቅሽኝ። ከስርሽ የተጻፈውን ቆርጠሽ እንድትለጥፊ አይደለም።»

«ይሁን፣ አጥፍቼዋለሁ እኮ! ሰው ስክሪንሾት ከወሰደ እኔ ምን ላድርግ?»

«የክፍላችን ግሩፕ ላይ ጻፊያ። ‹የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷ የላከችልኝ ለሌላ ጉዳይ ነው› በያቸው። ሁሉም እኔ ነኝ የመሰላቸው። ጽሑፌን ያውቁታል። ‹ከየት አመጣሽው?› ሲሉሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽ ረሳሽው? ‹ምንጬን አልናገርም፤ ግን ሜትር ይዛለች› አላልሽም?»

ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረች መሰለች። ግን ወዲያው ቀና አለች።

«አድሚን ነኝ እኮ! የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ካየችው ግሩፑን ትዘጋዋለች፣ ቤትም ትደውላለች። ደሞ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ከደብተሩ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

እውነት ነበር።

«እኔ ያንቺን ለማን ነገርኩ?» አለች ሜትር፣ በጣም ቀስ ብላ።

የሚጢጢ እጅ ጉርዷ ላይ ቀረ። መኪናው ቆመ።

«ልጆች፣ እንዴት ነው? ልኩ ሆነ?» አለ አባትየው።

ሚጢጢ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ፈገግ እንዳለች ወጣች። «ልክክ ብሏል ጋሼ! እጅዎ ይባረክ!» አለች። ጉርዷን እንደለበሰች ሄደች። ሜትርን ዞር ብላ አላየቻትም።

* * *

አባትየው ሙያውን ለሃያ ዓመት ሲሠራ ያልሻረው አንድ ሕግ አለው፦ የሰው ልክ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ደረት፣ ወገብና ዳሌ ሲለካ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ በልጁ ጆሮ ይነግራታል፤ እሷ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ሱቁ ውስጥ ሰው ከበዛ ደግሞ ጭራሽ አፉን አይከፍትም። በጨርቅ ጠመኔው መዳፉ ላይ ጽፎ ያሳያትና ሱሪው ላይ ያብሰዋል። በዚህ የተነሳ የሱሪው ጭን ሁልጊዜ ነጭ ነው። አንድ ጊዜ ሜትር ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅ ጠይቃው ነበር። የተመለጠ ራሱን ዳበስ አድርጎ፣ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አንዱ ደርሶብኛል፤ ሁለተኛው እንዳይጨመር ነው» ብሎ አሳቃት።

የክፍላቸው ግሩፕም ሕግ ነበረው። አርባ ሦስት ተማሪ ያለበትን ግሩፕ ሲከፍቱ መምህርቷ «ያለ ሕግ አልፈቅድም» ስላለች፣ ሕጉን ቁጭ ብለው ያረቀቁት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ እዚሁ ሱቅ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «የሌላ ሰው ፎቶም ሆነ ጉዳይ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይለጠፍም።» ቃል በቃል ያስጻፈችው ሚጢጢ ናት። ሕጉ አሁንም ግሩፑ አናት ላይ ተሰቅሎ አለ። ትናንት ከሰዓት ከስሩ ያ ሁሉ ሳቅ ሲተላለፍ ንቅንቅ አላለም።

ሜትር ግሩፑን የከፈተችው ዘግይታ ነበር። «ይህ ወገብ የማን ነው? ገምቱ!» ይላል። ከስሩ «ወገብ 96» የሚል ቁራጭ ፎቶ አለ። ለአንዲት ቅጽበት ፈገግ ብላለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ የስድስቷን ጭራ አየች። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነበር። ዘጠና ስድስት የሳይንቲስቷ ልክ ነው።

ሳይንቲስቷ የሚሏት ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠውን፣ ጎበዟን፣ ሰውነቷ ሞላ ያለውን ልጅ ነው። ልትለካ የመጣች ቀን ሱቁ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ስለነበር እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አልፈታም ብላ ነበር። የሜትር አባት ጠመኔውን አንስቶ መዳፉ ላይ ሲጽፍ ስታይ ግን ፊቷ በራ። «እንደ ሰላይ ነው የምትሠሩት!» ብላ ሳቀች፤ እጆቿንም ፈታች።

* * *

ሚጢጢ ከሄደች ብዙም ሳይቆይ የሳይንቲስቷ እናት መጣች። ነርስ ናት፤ ከሥራ እንደወጣች ነጭ ጫማዋን አልቀየረችም።

«እንደምን ዋሉ፣ እህቴ? ይግቡ እንጂ» አለ አባትየው ከመቀመጫው እየተነሳ። «የልጅዎ ለሰኞ ይደርሳል፤ ነገ ነው የምቆርጠው።»

«ስላልቆረጡት ደስ ብሎኛል። ጨርቁን ልውሰደው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሊወስዱት? ምነው?»

«ሌላ ቦታ እናሰፋዋለን።»

ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው። «ያጠፋሁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ቸኩዬ ለክቼ እንደሆን፣ ልጅቷ ትምጣና እንደገና...»

«እንደገና አትለካም» አለች ነርሷ። ድምፅዋን አላነሳችም። «ትናንት ማታ እራቷን አልበላችም፤ ዛሬ ቁርሷንም። ብቻ ጨርቁን ይስጡኝ። ስሟንም ከደብተርዎ ይሰርዙልኝ።»

ይህን ስትል ያየችው ሰውየውን አልነበረም። ሜትር ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ስፒሎች አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች።

አባቷ ደብተሩን ገለጠ። ማስመሪያ አስደግፎ በልጅቷ ስም ላይ አንድ ጊዜ አሰመረ፤ አልበቃ ሲለው ደገመው። ጨርቁን አጣጥፎ በሁለት እጁ ሰጣት። ነርሷ አመስግና ወጣች።

ሜትር አሁን ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። ምን እንደምትመልስ አታውቅም ነበር። እሱ ግን ወደ እሷ ዞር አላለም። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ከእንጨቱ ማስመሪያ ጎን አስተካክሎ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ በጣቱ ከቁጥር ቁጥር እየሄደ ይመረምረው ጀመር። ጫፉ ሲደርስ ከአንድ ብሎ እንደገና ጀመረ።

«ሲያረጅ ይሳባል» አለ ለራሱ። «አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ያሳስት ይሆናል። ለሴት ልጅ ደግሞ...» ራሱን ነቀነቀ።

ሜትር ይህን ማየት አልቻለችም። ስልኳን ይዛ መጋረጃው ጀርባ ገባች።

* * *

ስልኩ ውስጥ ሚጢጢ ነበረች። በሩ ላይ እንደወጣች የተነሳችውን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጥፋለች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እግሯን አጣምራ። «አዲስ ጉርድ! ማን ይችለኛል?» ይላል። ከስሩ ልብ፣ እሳት፣ ጭብጨባ። ስለ ትናንቱ አንድ ቃል የለም።

አዲስ። ሜትር አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

ከሁለት ሳምንት በፊት የሚጢጢ እናት ሱቁ ገና ሳይከፈት መጥታ ነበር፣ የትልቋን ልጅ አሮጌ ጉርድ በፌስታል ይዛ። አባቷ ስፌቱን ፈቶ፣ የጠወለገውን ፊት ወደ ውስጥ ገልብጦ፣ ቀለም ያለውን ወደ ውጭ አውጥቶ ነው እንደ አዲስ የሰፋው። ቀበቶው ሥር የድሮው ስፌት ምልክት አሁንም አለ፤ የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ሚጢጢ በማግስቱ ሜትርን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወስዳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ማንም እንዳይሰማ። ሞቼ እገኛለሁ» ብላታለች። ሜትር ለማንም አልተነፈሰችም።

አሁን ጣቶቿ ራሳቸው ጻፉ። «አዲስ አይደለም። የእህቷ አሮጌ ነው፤ አባቴ ገልብጦ ነው የሰፋው። ቀበቶውን አጉልታችሁ እዩት።»

ጥሩ ሆኖ ተጻፈ፤ አጭርና የማያዳግም። መላኪያው ላይ ጣቷን አንዣበበች። በአራት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች። ቢሆንም ትናንት ምን ምን እንዳሉ ደግማ ልታይ ፈለገች፤ ምናልባት ድፍረት ለማግኘት። ወደ ላይ ወጣች። ስቲከር። ሳቅ። «96 ወይስ 69?» እንደገና ሳቅ። ሙድ የያዘው አንዱ ወይም ሁለቱ አልነበረም፤ አብዛኛው ነበር። አንድ የዝሆን ስቲከር አለፈች። ከዝሆኑ ስር፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ ትናንት ሳታየው ያለፈችው አንድ መስመር ነበር።

«ሳይንቲስቷ ከግሩፑ ወጥታለች።»

ከመስመሩ ስር ሌላ ስቲከር፣ ከዚያ ሌላ ሳቅ። ማንም «የት ሄደች?» አላለም። ማንም ቆም አላለም። ሜትርም ጭምር።

ወደ ታች ተመለሰች። የጻፈችውን ከመጨረሻው ጀምራ ፊደል በፊደል አጠፋችው። ማጥፋቱ ከመጻፉ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባት።

ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አባቷ አሁንም ሜትሩ ላይ አቀርቅሯል።

«አባዬ፣ ሜትሩ ምንም አልሆነም።»

ቀና አለ።

ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ፎቶውን ማንሳቷን፣ መላኳን፣ የተቆረጠውን፣ የተሳቀውን። ፈገግ ያለችበትንም ቅጽበት አልደበቀችውም። አባቷ አላቋረጣትም፤ አልተቆጣምም። ስትጨርስ የማያውቀው ሰው ሱቁ የገባ ይመስል አያት።

«እኔኮ የተሳበ መስሎኝ ነበር» አለ ሜትሩን እየጠቀለለ።

ደብተሩን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቆለፈው። ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገ። መኪናው ላይ ተቀመጠ።

ሜትር ግሩፑን ከፈተች፣ እንዲህም ጻፈች፦ «ትናንት የተለጠፈው ከአባቴ ደብተር ነው። ፎቶውን ያነሳሁትና ለሰው የላክሁት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም ነበር። ስክሪንሾቱ ያላችሁ እባካችሁ አጥፉት።» የሚጢጢን ስም አልጻፈችም፤ ስለ ጉርዱም አላነሳችም።

አንዱ «እሺ» አለ። አንዷ የእንቅልፍ ስቲከር ላከች። ሦስተኛው «የሒሳቡ የቤት ሥራ እስከ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አምስት ሰው መለሰለት። ከሚጢጢ በግል አንድ መልእክት ገባ፦ «አብደሻል?» ሜትር ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

የተለቀሙትን ስፒሎች ወደ ቆርቆሯቸው ስትመልስ፣ ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ነገር አየች፤ ነርሷ ከጨርቁ ጋር ያመጣችው ጥቁር ዚፕ ነበር፣ ከነወረቀቱ። ጨርቁ ሲጣጠፍ ወድቆ ቀርቷል። ያለ ዚፕ ጉርዱ የትም ቢሰፋ አይዘጋም።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን ለማስጠበብ ገቡ፤ ከኋላቸውም ሁለት ሴቶች። አባቷ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠ፣ የሽማግሌውን ወገብ ለካ፣ ከልማዱ የተነሳ ጠመኔውን አንስቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። መዳፉን ግን ወደ ሜትር አላዞረም። ቁልፉን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ቁጥሩን ራሱ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። የእሱ ስድስት ጭራ የላትም።

ሜትር ዚፑን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆመች። የነርሷ ቤት ከትምህርት ቤቱ በላይ፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሩ ሲከፈት ምን እንደምትል ገና አላወቀችም። በሴቶቹ መሃል «ይቅርታ» እያለች አለፈች፤ እነሱም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ፈቀቅ አሉላት።

መንገዱን ስትይዝ ከኋላዋ መኪናው ታ-ታ-ታ ማለት ጀመረ፤ አልቆመም።