የግራ እግሯ ጣቶች

በኮሌጁ የጠመንጃ ተኩስ ቡድን ውስጥ ሐውልት ይሏታል። ቆማ ስታነጣጥር ትንፋሿ እንኳ አይታይም። ወገቧን ወደ ኋላ ለጠጥ፣ ዳሌዋን ወደ ዒላማው ገፋ አድርጋ የግራ ክርኗን ታሳርፍበታለች። በየቀኑ ለሁለት ሰዓት፣ ለሦስት ዓመት እንዲህ ቆማለች።

እሱ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነው፤ ለልምምድ ወደ ቡድኑ በተላከ ዕለት «ወጌሻው» የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ዕለት ጃኬቷን ስታወልቅ አያት። የተኩስ ጃኬት እንደ ካርቶን ደረቅ ነው፤ ሌሎቹ ተኩሰው ሲጨርሱ አውልቀው ይወረውሩታል። እሷ ግን መጀመሪያ ግድግዳ ተደገፈች። ከዚያ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ሰውነቷን ደግፎ የያዘው ጃኬቱ ብቻ ይመስል።

«ወገብሽን ያምሻል?»

«የማያመው ተኳሽ ካገኘህ አሳየኝ። ደግሞ ገና ከመምጣትህ ታሟርታለህ እንዴ?»

ሳቁ። የእሷ ሳቅ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ፤ እጇ ወደ ወገቧ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ በቡድኑ የሕክምና ክፍል ይመረምራታል። ከወገቧ ወደ እግሯ የሚወርደው ነርቭ አለመጎዳቱን ለማወቅ ዓይኗን አስጨፍኖ የግራ እግሯን ጣቶች ይነካል።

«የትኛው ነው?»

«አውራ ጣቴ።»

«አሁንስ?»

«ትንሿ። ኧረ ኮረኮርከኝ!»

አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ምርመራው አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነበር፤ እነሱ ግን ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይነጋገሩ።

የፍጻሜው ውድድር ሲቃረብ አሰልጣኙ ወጌሻው የሁሉንም ተኳሾች የጤና ቅጽ እንዲሞላ አዘዘ። ሕመሙ ከአሥር አምስት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይወዳደርም።

«ስንት ልጻፍ?» አላት።

«ሁለት።»

«የኔ እመቤት፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «የመጨረሻ ዓመቴ ነው። እዚያ ካሸነፍኩ ለብሔራዊ ቡድን እመረጣለሁ። ከቀረሁ ጠመንጃውን አስረክቤ መሄድ ነው። ከወደድከኝ ሁለት ጻፍ።»

መውደድ የሚለው ቃል በመካከላቸው ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበትም።

በፍጻሜው ዕለት የጃኬቷን ዘለበቶች ከወትሮው በአንድ ቀዳዳ አጠበቀች። አሥር ጥይት ሲቀራት ትመራ ነበር። ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

ወጌሻው ክው አለ። ተኳሽ እግሩን አያይም፤ እግሩ ቦታውን ራሱ ያውቃል። እሷ ግን የግራ እግሯን እያየች፣ የሰው ዕቃ እንደምታስቀምጥ ሁሉ፣ አስተካክላ አስቀመጠችው።

«ተኩስ አቁም!» ብሎ ጮኸ።

ይህን ማንም ይበለው ማን፣ በተኩስ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም አፈሙዝ ዝቅ ይላል። የእሷም ዝቅ አለ። ጠመንጃውን አስቀምጣ የጮኸውን ለማየት ስትዞር ግራ እግሯ ከዳት።

ወገቧ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሞቹ ነርቩ ይመለስ አይመለስ አናውቅም አሉ። እሱ ስለ ቅጹ ለአሰልጣኙ ተናዞ ከቡድኑ ተሰናብቷል። በሦስተኛው ሳምንት የሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

ገብቶ ከእግርጌዋ ተቀመጠ።

«አሥር ጥይት ነበር የቀረኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዓይኔንም ጨፍኜልህ አላውቅም። አጮልቄ ትከሻህን አይ ነበር። አውራ ጣቴን ስትነካ ትከሻህ ዝቅ ይላል።»

«እኔም ሁለት ብዬ ጻፍኩ።»

ፎጣ አነሳችና አጥፋ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«በል ንካ።»

ነካ። ጠበቀች።

«ትንሿ?»

የያዘው አውራ ጣቷን ነበር። በድምጿ ውስጥ ያለውን ልመና ሰማ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

«አይደለም» አላት።

ፎጣው ከሥሩ ረጠበ። እግሯን ግን ከእጁ ላይ አላነሳችም።

«እንደገና» አለች።