ስለ ሰባቱ ዓሣ አጥማጆች የሚያውቀው መዝገብ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገቡ የለም።

ቁም ሣጥኑ አለ። ቁልፉም አለ። መዝገቡ ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ እንጨት፣ ዙሪያውን አቧራ።

መዝገብ ያዥዋ፣ ሁሉም እህትዬ ለማለት ማና የሚላት ቤንቪንዳ፣ ቁም ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋች፤ ምናልባት ባራተኛው ይመለስ ይሆናል ብላ። ባራተኛውም አልተመለሰም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

በዋና ከተማው በዲሊ ወደሚገኘው የአባልነት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ መዝገብ ላይ ሳይጻፍና ሳይፈረምበት አላለፈም። ጥራዙ ወፍራም፣ ማዕዘኖቹ ነሐስ፣ ክብደቱ የጥጃ ያህል። ሾፌሩ ዜካ ደግሞ አንድ ቀን ከባሕር የወጣ፣ አገሬው አያት እያለ የሚያከብረው አዞ መዝገቡን አይቶ ደንግጦ ተመልሷል ብሎ በእናቱ ይምላል። እናቱም አብራ ትምላለች።

ረቡዕ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ይቀርባሉ። የሚጠየቁት አጭር ነው። አገሪቱ የባሕር ላይ አደጋ ጥሪ ለሚያስተላልፍ ዓለም አቀፍ ማኅበር መዋጮ ትከፍል ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ከአታውሮ ደሴት ሰባት ሰው ይዛ የወጣች ጀልባ ጥሪ አሰማች፤ ማንም አልደረሰላትም። መዋጮው ተከፍሎ ነበር ወይ? ካልተከፈለስ ማስጠንቀቂያ ደርሶ ነበር ወይ?

ጽሕፈት ቤቱ ያዘጋጀላቸው መልስም አጭር ነበር፦ “የደረሰን ማስጠንቀቂያ የለም።”

ደርሶ ከሆነ መዝገቡ ላይ አለ።

ሰርጀንት ኢልዳ በሞተር ሳይክሏ መጣች። ደረጃው ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። አልዚራ ትባላለች፤ ከአታውሮ ናት። ከሰባቱ አንዱ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ ናታሊኖ፣ ልጇ ነው።

“ቲያ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?” አለች ኢልዳ፣ አክስቴ እንደ ማለት።

“ረቡዕን እጠብቃለሁ።”

“ዛሬ ሰኞ ነው እኮ።”

“እኔ ከሰኔ ጀምሬ ነው የምጠብቀው። ሁለት ቀን ምን አላት?” አልዚራ ቀና ብላ አየቻት። “ሬሳውን ባሕር ወስዶታል፤ እሱን አልጠይቅም። ለምን እንዳልመጡለት ግን አንድ ሰው ይንገረኝ።”

ኢልዳ ደረጃውን ወጥታ ገባች።

“ማና ቤንቪንዳ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?”

“ምስጢር ነው።”

“ፖሊስ ነኝ እኮ።”

ቤንቪንዳ ግራ ቀኝ አየች። “ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ፣ ምስማሩ ላይ።”

“ማን ያውቃል?”

“ማንም።”

“እኔ አውቃለሁ፤” አለ ዜካ ከበሩ።

“እኔም፤” አለች የጽዳቷ ሴት ከኮሪደሩ።

የሚያውቁትን ቆጥሮ ከመጨረስ የማያውቁትን መቁጠር ይቀል ነበር። የማታውቀው ኢልዳ ብቻ ነበረች፤ አሁን እሷም አወቀች።

መጀመሪያ የተያዘው ዜካ ነው። ዓርብ ማታ ጃኬቱ ሥር አንድ ትልቅ ነገር አቅፎ ሲወጣ ዘበኛው አይቶታል።

“ምን ነበር?”

“አውራ ዶሮዬ።”

“መሥሪያ ቤት ውስጥ?”

“ቅዳሜ ውጊያ ነበረበት፤ ሰፈር ባሳድረው ዓይን ይበላዋል። ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጀርባ ነው የከረመው። የሰው ስም አያነሣ፣ ወረቀት አያጠፋ፣ እዚህ ቤት ካለነው ሁሉ ሥራ ያልበደለ እሱ ነው።”

“አሁን የታለ?”

ዜካ ጫማውን አየ። “ተሸነፈ። አሸናፊው ወሰደው።”

ከማሽኑ ጀርባ ኩስና ላባ ተገኘ። ዜካ ተለቀቀ።

ሁለተኛው ዳይሬክተሩ ኖርቤርቶ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ብቻውን መጥቶ ከግቢው ጀርባ ወረቀት ሲያቃጥል ታይቷል። ጭሱን ግማሽ ከተማ አይቶት፣ ቀሪው ግማሽ አሽትቶት ነበር።

“ምንድን ነው ያቃጠሉት፣ ክቡር ዳይሬክተር?”

“ንግግሬን። ሚኒስትሩ አልወደዱትም።”

“ጠቅላላ ንግግሩን?”

“ረጅም ነበር።”

ኢልዳ አመዱን በእንጨት ገለባበጠችው። ሽቦና ቅንጥብ እንጂ ነሐስ የለም። ነሐስ ደግሞ በወረቀት እሳት አይጠፋም።

“መዝገቡ ጠፋ ብለው ብዙም የተጨነቁ አይመስሉም።”

“ምን ይደረግ? መዝገብ ይጠፋል፤” አለ ኖርቤርቶ ትከሻውን ከፍ አድርጎ። “ሰውም ይጠፋል።”

መስኮቱ ክፍት ነበር። ደረጃው ላይ የተቀመጠችው ሴት ዞር አላለችም። መስማቷ ግን ከትከሻዋ ታወቀ።

የቀረው አስተርጓሚው ሌዮኒልዶ ነው። ከእንግሊዝኛ የሚመጣው ሁሉ ወደ ፖርቱጋልኛ የሚዞረው በእሱ እጅ ነበር፤ ከእሱ በቀር ቋንቋውን የሚችል እዚያ ቤት አልነበረም። ለኢልዳ ውኃ ቀዳላት። ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው።

“ባለቤትህ ማርጋሪዳ መች ነበር ያረፈችው?”

“ግንቦት መግቢያ ላይ።”

“ከዚያ ወዲያ የት ነበርክ?”

“ኤርሜራ፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ። ቀብሩ፣ የዘመዱ ነገር፣ ለቀብሩ ጎሽ ማን ያምጣ የሚለው ክርክር… አርባ ቀን ቆየሁ።”

“ጠረጴዛህስ?”

“ማና ቤንቪንዳ ጥቁር ጨርቅ አልብሳ ጠበቀችኝ። እዚህ ቤት ሐዘንተኛ እስኪመለስ ዕቃው አይነካም።”

ኢልዳ ደረቱን አየች። ነጭ ሸሚዝ። በስተግራ፣ ከኪሱ በላይ፣ የመርፌ ቁልፍ የበሳቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች።

“የሐዘንህ ጥቁር ቁራጭስ?”

“ታጥቦ ፀሐይ ላይ ነው።”

ኢልዳ እሺ ብላ ወጣች። እሷም ባሏን ቀብራለች። ያ ቁራጭ ጨርቅ አይታጠብም፤ ከሸሚዝ ወደ ሸሚዝ ይዛወራል እንጂ። ዓመት ሲሞላ ቤተዘመድ ተሰብስቦ፣ ተቀድሶ፣ ተበልቶ ነው የሚወልቀው። በስድስት ወሩ የሚያወልቅ ሰው ወይ ሌላ ሴት አግኝቷል፣ ወይ ከሐዘን የባሰ ነገር ተሸክሟል። የሌዮኒልዶ ፊት ደግሞ ሴት ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም።

ትላንት እሁድ የሙታን ቀን ነበር። በዚያ ቀን ከተማው በሙሉ አበባና ሻማ ይዞ ወደ መቃብር ይጎርፋል። ትልቅ ቅርጫት ተሸክሞ የሚሄድ ባል ደግሞ የማንም ዓይን ውስጥ አይገባም።

ማክሰኞ ጠዋት መቃብሩ ስፍራ ስትደርስ ሌዮኒልዶ ቀድሟት ተቀምጧል። ዙሪያው የቀለጠ ሻማ፣ የጠወለገ አበባ። ጎንበስ ብሎ አበባው የቆመበትን ቆርቆሮ አነሣላት። መዝገቡ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በጥቁሩ ቁራጭ ጨርቅ ታስሮ፣ ከሥሩ ተኝቷል።

“ከትላንት ጀምሮ እንደምትመጪ አውቄአለሁ፣ ማና።”

“ታዲያ ለምን አላሸሸኸውም?”

“ወዴት? አንድ ጊዜ ለእሷ ሰጥቻታለሁ።”

ኢልዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። “ንገረኝ።”

“ደብዳቤው የመጣው እሷ በሞተች ማግስት ነው። በእንግሊዝኛ። ‘እስከ ግንቦት ሠላሳ ካልከፈላችሁ ጥሪያችሁን አናስተላልፍም’ ይላል። ማና ቤንቪንዳ መዝግባ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር አኖረችው። ጀልባዋ የጠፋችው ሰኔ ሦስት። እኔ የመጣሁት ከዚያ ወዲያ።” ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰ። “ጨርቁን ሳነሣ ደብዳቤው አለ። ሰባት ሰው ሞቷል፤ እሱ እዚያ ተኝቷል።”

“የሰረቅከው ራስህን ለማዳን ነው?”

“እኔንማ ይሰሩኝ። ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቆመው ‘ለምን አልተነበበም?’ ሲባል ምን ሊሉ ነው? ‘የማርጋሪዳ ሐዘን ላይ ስለነበርን።’ አገር ሁሉ በእሷ ሞት ነው ሰባቱ ያለቁት ሊል ነው። ጉንዳን ረግጣ የማታውቅ ሴት። ሁለተኛ እንዲቀብሩብኝ አልፈለግኩም።”

“ይህን አንተ ነህ ያሰብከው?”

አንድ የጠወለገ አበባ አንሥቶ ቅጠሉን ይለቅም ጀመር።

“ሌዮኒልዶ። ማን ነው ያለህ?”

“ዳይሬክተሩ። ሐሙስ ዕለት ጠርቶ አጽናናኝ። ‘መዝገቡ ምክር ቤት ከገባ የሚስትህ ስም ይነሣል፤ ምን ይደረጋል፤ መዝገቡ ባይኖር ለነፍሷ ዕረፍት ነበር’ አለኝ። ስረቅ አላለኝም።”

“አይልማ።” ኢልዳ መዝገቡን ፈታች። “ከዚያ መስመር ወዲያ ያለውን አንብበሃል?”

“አልቻልኩም። የእሷን ሐዘን የሚያነሣውን መስመር አይቼ ዘጋሁት።”

ኢልዳ ገጹን ገለጠችው። ግንቦት ሃያ። ከዚያው ማኅበር ሁለተኛ ደብዳቤ። በቤንቪንዳ ክብ ክብ ፊደል “በፖርቱጋልኛ የተጻፈ፣ አስቸኳይ” ይላል። በጎኑ “በእጄ ተረክቤአለሁ” የሚል ጽሑፍና ፊርማ። ፊርማው እንደ ጅራፍ የተወረወረ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። የኖርቤርቶ ነው።

ሌዮኒልዶ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ግንባሩን የሚስቱ መቃብር ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ኢልዳ ካቴናዋን ከወገቧ አላወጣችም፤ ሲጨርስ ክንዱን ብቻ ይዛ አነሣችው።

ኢልዳ መዝገቡን ይዛ ቢሮው ስትገባ ኖርቤርቶ መጀመሪያ ሳቀ። “ሰውየው ሐዘን ላይ ነበር። ጠረጴዛውን አለመንካት ሰብዓዊነት ነው።”

“የመጀመሪያውንስ እሺ። ሁለተኛው በፖርቱጋልኛ ነው። እርስዎ ሕልምዎን እንኳ በፖርቱጋልኛ ነው የሚያዩት ይባላል።”

“ብዙ ደብዳቤ ነው የሚመጣልኝ።”

“‘አስቸኳይ’ የሚል፣ በእጅዎ የተረከቡት። የት አለ?”

ኖርቤርቶ መሳቢያውን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

“ቅዳሜ ንግግርዎ ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ?”

ኖርቤርቶ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ያለው ቀስ በቀስ ወጣ። መዋጮው ለእንግዶች ጉባኤ ውሏል፤ ለድንኳን፣ ለባንዲራ መስቀያ፣ ለአበባ። በየካቲት ደግሞ ሚኒስትሩ “አባልነታችን ሁሉ ተከፍሏል” ብለው ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። ንግግሩን የጻፈላቸው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ እከፍላለሁ ብሎ አሰበ።

“አንድ ወር ብቻ ነበር የቀረው፤” አለ። “በአንድ ወር ውስጥ ጀልባ ይጠፋል ብዬ በምን ልወቅ?”

“ደብዳቤው ነግሮዎት ነበር እኮ።”

ረቡዕ መዝገቡ ምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ዋለ። ሚኒስትሩ የተዘጋጀላቸውን መልስ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አለማወቃቸውን ተናገሩ። “ማወቅ ነበረብዎት” ተባሉ። “ነበረብኝ” አሉ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ይህ ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው የሚሉ አሉ። ኖርቤርቶ በደብዳቤው ቃጠሎና ሐዘንተኛን ለስርቆት በመገፋፋት ተከሰሰ። ሌዮኒልዶ ስርቆቱን አምኖ ታሰረ። ለሰባቱ ሰው ግን የተከሰሰ የለም፤ ለዚያ የሚሆን አንቀጽ አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ አልዚራ ፖሊስ ጣቢያ መጣች።

“ብዙ ተነጋገሩ፤” አለችው በሩን የሚጠብቀውን ወጣት ፖሊስ፣ ወደ እስረኛው እንዲያስገባት እየተማጸነች። “ደብዳቤውን ግን ማንም አላነበበልኝም። የሚችለው እዚህ ነው ያለው አሉኝ።”

ይህን የሰማችው ኢልዳ ከማስረጃው ፋይል የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጥታ አልዚራን ራሷ ይዛት ገባች። ሌዮኒልዶ ሲያያት ተነሥቶ ቆመ፤ ዓይኗን ማየት አቃተው።

“ቲያ፣ እኔ…”

“ስለ ሚስትህ ሰምቻለሁ። ነፍሷን ይማር። ማንንም አልገደለችም፤ ይህን እኔ የናታሊኖ እናት እልሃለሁ። ተቀመጥና አንብብልኝ።”

አነበበ። በእሷ ቋንቋ፣ ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል። ከግንቦት ሠላሳ በኋላ ከውኃችሁ የሚነሣ ጥሪ ለባለሥልጣኖቻችሁ አይተላለፍም የሚለው ላይ ሲደርስ እጇን አነሣች።

“ጥሪውን ሰምተውታል ማለት ነው?”

“የማኅበሩ ማሽን ሰምቶታል፤” አለች ኢልዳ። ከማኅበሩ የመጣው መልስ ዛሬ ምክር ቤት ተነቦ ነበር። “መዝግቦታል። የጀልባዋ ጥሪ ከቀትር ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ሰዓት ጮኸ።”

አልዚራ በጣቶቿ ቆጠረች። ከቀትር ጀምራ፣ በማታው አልፋ፣ ማግስቱ ጠዋት ላይ ቆመች። ዕለቱን ልብስ ስታጥብ ነበር የዋለችው። ማታውን ተኝታ ነበር።

“ቀጥል።”

“አልቋል፣ ቲያ። የቀረው የሰላምታ ቃል ነው።”

“እሱንም።”

ሌዮኒልዶ ወረቀቱን ቀና አድርጎ ያዘ። “‘ለእናንተ ያለንን ከፍ ያለ አክብሮት በዚህ አጋጣሚ ደግመን እናረጋግጣለን።’”

አልዚራ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ተነሣች። ሰላምታ ሳይመልሱ መሄድ ነውር ነውና፣ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብላ፣

“ለእናንተም፤” አለች፤ ወጣች።