ያልሻገተው ሲሊኮን

ሶላንዥ ኤቡዌ ሻወር ቤቷ ውስጥ፣ የሻጋታ መፋቂያ ብሩሿን እንደጨበጠች ሞታ ተገኘች። ከወለሉ የሚነሳው ሽታ ኢንስፔክተር ንጎ ማዬምን ዓይኗን አስለቀሳት።

ዱዋላ ከተማ ዝናቡ ከገባ ሰንብቷል። ሳሎን ውስጥ የሟቿ ባል ሞዴስት፣ ወንድሟ ቤርቲንና እናቷ እማማ ኤዲሞ ተቀምጠዋል።

«በረኪናውን የገዛኸው አንተ ነህ?» አለችው ኢንስፔክተሯ ሞዴስትን።

«አዎ፣ ሁሌም እኔ ነኝ የምገዛላት። የሻወሩን ጠርዝ በደፈነው ሲሊኮን ላይ ታደርገውና በጠርሙስ በያዘችው ውሃ ታጥበዋለች። ከሌላ ነገር አትደባልቅም፤ አስም አለባት። ከዚያ በጨርቅ ታደርቀዋለች፤ እርጥብ ካደረ መልሶ ይሻግታል ትላለች።»

«በሩንስ ለምን ዘጋችው?»

«ሽታው እናቷን እንዳያስላቸው ነዋ። መስኮቱን ግን ትከፍታለች።»

ቤርቲን ዘሎ ተነሳ። «የምን መስኮት? የድሮ ተከራዮች በሲሊኮን የደፈኑት አይደል እንዴ! ይሄ ሰውዬ ይዋሻል፤ እህቴን የፈጃት እሱ ነው!»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሻወር ቤቱ ተመለሰች። ከሻወሩ ግርጌ ያለው ሲሊኮን ያ ሁሉ ፍትጊያ አልበገረውም፤ በሻጋታ ከሰል መስሏል። የመስኮቱ ግን ነጭ ነው። ስትነካው ለስለስ አለ፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተታት። መሃሉን አንድ ቀጭን ጭረት ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆታል። የውሃውን ጠርሙስ ከሩቅ አሸተተችና ፊቷን መለሰች።

ሳሎን ገብታ ከሦስቱም ፊት ቆመች።

«ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ውሃ ሳይሆን የሽንት ቤት አሲድ ነው። ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የመርዝ ጭስ ያወጣል። ሶላንዥ ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ አልከፈት አላት። በሩ ጋ ሳትደርስ ወደቀች።»

«መስኮቱ ድሮ ነው የተደፈነው አልኩዎት እኮ!» አለ ቤርቲን።

«በዚህ እርጥበታም ከተማ ነጭ ሆኖ የሚከርም ሲሊኮን የለም። በየጊዜው የሚፋቀው እንኳ ጠቁሯል፤ የመስኮቱ አንዲት ነጥብ የለበትም። አዲስ ሲሊኮን ኮምጣጤ ይሸታል፤ የዚህ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ትናንት ማን መጥቶ ነበር?»

ሞዴስት ቀስ ብሎ ወደ ቤርቲን ዞረ። «የሻወር ቤቱን ቧንቧ ልይላችሁ ብሎ… እሱ።»

«ሲሊኮኑ የተዳመጠው በጣት ነው። የተሰነጠቀ ጥፍር ጭሮታል። እጅህን አሳየኝ።»

ቤርቲን እጁን ኪሱ ከተተ። «እህቴን ምን አድርጋኝ ነው የምገድላት?»

«አሳያት፣ ልጄ» አሉ እማማ ኤዲሞ።

የአመልካች ጣቱ ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቋል።

«አንድ ሕፃን በመኪና ገጭቶ ገደለ፤ ጥሎትም ሸሸ» አሉ አሮጊቷ። «ሶላንዥ ሰማች። እስከ እሁድ ለፖሊስ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ አለችው። ተንበርክኬ ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ።»

ፖሊሶች ቤርቲንን በካቴና አስረው ወሰዱት። ሞዴስት ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ቀረ።

«ዝም ብትል ኖሮ ሁለቱም ይኖሩልኝ ነበር» አሉ እማማ።

«የሕፃኑ እናትስ፣ እማማ?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«እሷ ያጣችው አንድ ነው።»