የአምስት ሰዓቱ ሰው

«ልብሷን ቀይራ አልጋው ላይ ተኝታ ነበር እኮ!» አለች ሂልፓ፣ በትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት የአተር ሾርባዋን ወደ ጎን ገፍታ። «ከዚያ ነርሷ መጥታ ‹መድኃኒቱ ዛሬ አልደረሰም፤ ወደ ቤትዎ ይመለሱ› አለቻት።»

«እናትሽን? ትናንት?» አለች ቪልያ።

«ትናንት። ቀጠሮዋ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር። ካንሰሩ የት የት እንደደረሰ በምስል ሊያዩላት ነበር። ያ ካልታየ ሕክምናውን አይጀምሩላትም። አሁን ሌላ ሳምንት ጠብቂ ተባለች።» ሂልፓ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «የሆነ ፋራ ማሽኑን ማብራት ረስቶ ይሆናል።»

ቪልያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ያ ፋራ አባቷ ነው።

አባቷ ያርሞ የሚሠራው በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የአቶም ቅንጣቶችን የሚያፈጥነው ማሽን ካለበት ክፍል አጠገብ ነው። ሳንቲም በምታህል የወርቅ ሰሌዳ ላይ ኒኬል ይለብጣል። ሰሌዳዋ ከማሽኑ በሚወጣው ጨረር ስትደበደብ ታድራለች፤ ከኒኬሉም ጥቂቱ ጨረር አመንጪ መዳብ ይሆናል። ጠዋት መዳቡን ለይተው፣ በመርፌ ተሰጥቶ ካንሰሩን በምስል የሚያሳይ መድኃኒት ያደርጉታል። ማቆየት አይቻልም፤ በግማሽ ቀን ውስጥ ግማሹ ይከስማል። ለማን እንደሚሰጥ ግን ለሠራተኞቹ አይነገራቸውም። የሚነገራቸው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ትናንት እራት ላይ አባቷ ዳቦውን ቅቤ ሳይቀባ እንደያዘው ቀርቶ ነበር። «የአምስት ሰዓቱን ሰው ጉድ ሠራሁት» አለ። «ኒኬሉ ጨረሩን አልቻለም፤ ተላጦ ረገፈ። ቀስ ተብሎ ነበር መለበጥ የነበረበት። ቸኮልኩ።»

ለምን እንደቸኮለ አልተናገረም። ቪልያ ግን ታውቃለች። ሰኞ፣ ሰሌዳው በተለበጠበት ቀን ማታ፣ የበረዶ ላይ ሆኪ ግጥሚያ ነበራት። «የሁሉም አባት ይመጣል፤ አንተ ብቻ!» ብላ ጠዋት አኩርፋው ወጣች። ማታ ከበረዶ ሜዳው መስታወት ጀርባ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየችው። ሁለት ግብ አገባች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ አሁን ያንኑ ቀን ባሰበችው ቁጥር ልቧ ይደማል።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች ሂልፓ።

«ምንም» አለች ቪልያ።

ቤት ስትደርስ፣ የፊንላንድ ኅዳር ነውና፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨልሟል። ያርሞ ወጥ ቤት ቆሞ ድንች ይልጣል።

«ሰኞ የዋንጫው ነው አይደል?» አላት። «እመጣለሁ። አዲሱን ሰሌዳ በጠዋት ከጀመርኩት...»

«አትምጣ፣ አባዬ።»

ቢላዋው ቆመ። «ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«አልተቀየምኩም። ሰሌዳው ለዚያው ለአምስት ሰዓቱ ሰው ነው አይደል? ቀስ ብለህ ሥራው። ቢመሽም ይምሽ።»

የአምስት ሰዓቱን ሰው ስም ልትነግረው ከከንፈሯ ደርሶ ነበር። ማርኬታ። የሂልፓ እናት፣ ትንንሽ ሳሉ የበረዶ ጫማቸውን ታስርላቸው የነበረችው ማርኬታ። አባቷን አየችው፤ የተላጠውን ድንች መልሶ ይልጣል። ስሙን ዋጠችውና ጃኬቷን አነሳች።

«ወዴት ነው? እራት ሊደርስ ነው እኮ!»

«ሂልፓ ጋ። ቶሎ እመለሳለሁ።»

በሩን የከፈተችላት ሂልፓ ናት። ከውስጥ የማርኬታ ሳል ይሰማል።

«ግቢ እንጂ፣ በረዶ ሆንሽ እኮ!»

ቪልያ ከደፉ አላለፈችም።

«ያ ፋራ ያልሽው ሰው አባቴ ነው» አለች። «ያስቸኮልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»